የወረቀት ሥዕል ፍሬም ውስጥ በምን ይንጠልጠል? የማንጠልጠያና የሙጫ አመራረጥ

በወረቀት ላይ የተሠራ ሥዕል ፍሬም ውስጥ አይለጠፍም፤ ይንጠለጠላል። ሥራዬ ፍሬም መሥራት ነው። ሥዕል ይዞ ከሚመጣ ሰው ጋር ስለ እንጨቱ ቀለምና ስለ መስታወቱ ብዙ እናወራለን፤ ሥዕሉ ከጀርባ በምን ተይዞ እንደሚቆም ግን የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ሥዕሉን የሚያቆየውም የሚያጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ ያ የማይታየው ቁራጭ ወረቀት ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እሱ ብቻ ልጻፍ።

ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ የሳበውን ይመልሳል። ሲስብ ይሰፋል፣ ሲመልስ ይሰበሰባል። የሚሰፋውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። እያንዳንዱ ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ ይወፍራል እንጂ እምብዛም አይረዝምም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ይበልጥ የሚለጠጠው ቃጫዎቹ ከተኙበት አቅጣጫ በአግድም ነው። አራቱም ጎኖቹ ከካርቶን ጋር ከተጣበቁ ግን መሄጃ ያጣል። በእርጥበት ወራት መሃሉ ወደ መስታወቱ ይነፋል፣ ይሸበሸባል፤ በደረቅ ወራት ይወጠርና ከደከመበት ቦታ ይሰነጠቃል። ላይኛው ጠርዙ ብቻ የተያዘ ወረቀት ወደ ታችም ወደ ጎንም እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ማንጠልጠያ የምለው እንግዲህ ግማሹ በሥዕሉ ጀርባ፣ ላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ከኋላ ባለው ካርቶን ላይ የሚጣበቀውን ትንሽ የስስ ወረቀት ቁራጭ ነው።

ጥሩ ማንጠልጠያ ሥዕሉን አያቆሽሽም፣ በትንሽ ውሃ ይለቃል፣ ከሥዕሉም ወረቀት ይደክማል። የመጨረሻዋ ብዙ ሰው ግራ ታጋባለች፤ ጠንካራ ነገር ይሻላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነውና። ነገር ግን ፍሬም ይወድቃል። ሲወድቅ ከሁለቱ አንዱ መቀደዱ አይቀርም፤ ወይ ማንጠልጠያው ወይ ሥዕሉ። ማንጠልጠያው በኤሌክትሪክ መስመር ላይ እንዳለ ፊውዝ ነው፤ ዋናው ዕቃ እንዲተርፍ ቀድሞ እንዲበጠስ ታስቦ ነው የሚገባው። ሚስማሩ ከግድግዳ ተነቅሎ የወደቀ አንድ ትልቅ ኤችንግ (በአሲድ ከተቀረጸ የብረት ሰሌዳ የሚታተም ሥዕል) ተመልሶ መጥቶልኝ ያውቃል። መስታወቱ ረግፏል፣ የፍሬሙ አንድ ማዕዘን ተከፍቷል፣ ሁለቱም ማንጠልጠያዎች መሃላቸው ላይ ተበጥሰዋል። ህትመቱን አውጥቼ በጎን ብርሃን ሳየው ጭረት እንኳ አልነበረበትም። የተበጠሱትን በአዲስ ተካሁ፤ ባለቤቷ የከፈለችው ለመስታወትና ለእንጨት ብቻ ሆነ። በጠንካራ የጨርቅ ፕላስተር ተይዞ ቢሆን ኖሮ ፕላስተሩ ይዞ ይቀር ነበር፤ የሚቀደደው የህትመቱ ላይኛው ጠርዝ ነበር።

መጀመሪያ ሥዕሉን መርምሩ

ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት ሥዕሉን ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና መብራት ከጎን አብሩበት። ወረቀቱ ስስ ነው ወይስ ወፍራም? ተጣጣፊ ነው ወይስ ጠርዙ መሰባበር ጀምሯል? የተሠራው በምንድን ነው? ጠርዙ በመስኮት ካርቶን (መሃሉ ተቆርጦ ከሥዕሉ ፊት በሚቀመጠው) ይሸፈናል ወይስ እንዲታይ ይፈለጋል? የኋለኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ይወስናል። በእጅ የተሠራ ወረቀት ሻካራው ጠርዙ ራሱ ውበት ነው፤ ባለቤቱ ይታይልኝ ካለ የምርጫው ግማሽ ያኔውኑ ይዘጋል።

ከዚያ የውሃ ሙከራ። የምንጠቀምበት ሙጫ ውሃ አለው፤ ወረቀቱና ቀለሙ ውሃን እንዴት እንደሚቀበሉ ማወቅ ግድ ነው። ከጀርባ፣ ምንም ሥዕል በሌለበት ጥግ ላይ፣ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የነጥብ ያህል ውሃ አኑሩ። ጥቂት ቆይታችሁ በነጭ መምጠጫ ወረቀት ንኩት። መምጠጫው ላይ ቀለም ከወጣ፣ ወይም ነጥቡ ሲደርቅ ዙሪያውን ቡናማ መስመር ካስቀረ፣ ውሃ ያለበት ማንኛውም ሙጫ ለዚያ ሥዕል አደጋ ነው። አሮጌ ወረቀት ውስጡ የተከማቸ ቆሻሻ አለው፤ ውሃው ያንን እየገፋ ይወስድና በሚደርቅበት ድንበር ላይ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነቱን ሥዕል ያለ ሙጫ መያዝ ነው።

ሙጫ ካላስፈለገ አትጠቀሙ

ይህን ከማንጠልጠያው በፊት የማስቀድመው ሆን ብዬ ነው። ሥዕሉ በዙሪያው ባዶ ህዳግ ካለውና ህዳጉ በመስኮት ካርቶን የሚሸፈን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ማንጠልጠያም አያስፈልገውም፤ የማዕዘን ኪስ ይበቃዋል። አሲድ ከሌለው ቀጭን ወረቀት ሪባን ቁረጡ፤ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል በማጠፍ ሦስት ማዕዘን ኪስ አድርጉት። የሥዕሉ ማዕዘን ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ኪሱ ከጀርባ ካርቶኑ ጋር ይጣበቃል። ሙጫው ሥዕሉን ጨርሶ አይነካውም። ኪሱ ከማዕዘኑ ጋር ጥብቅ እንዳይል በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ አለዚያ የመስፊያ ቦታ ነሥታችሁት ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ።

ማይላር በሚባለው ጥርት ያለ የፖሊስተር ፊልም የተሠሩ ኪሶችም አሉ። ስለማይታዩ ህዳጉ ጠባብ ለሆነ ሥራ ይመቻሉ፤ ግን ጠርዛቸው ስለት አለው። ለስስ ወረቀት የወረቀት ኪስ እመርጣለሁ።

ለፎቶግራፍ በተቻለ መጠን ከኪስ አልወጣም። የፎቶግራፍ ገጽ በጀልቲን ወይም በሌላ ስስ ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ ከጀርባ የነካው እርጥበት በፊት በኩል ይታያል። ለፎቶ የሚሆን ካርቶንና ወረቀት ስትገዙ «አሲድ የለውም» የሚለው ጽሑፍ ብቻ አይብቃችሁ፤ በአይ ኤስ ኦ 18916 የተገለጸውን የፎቶግራፍ ተጽዕኖ ሙከራ (ዕቃው ፎቶውን ያበላሽ እንደሆነ የሚፈትነውን) ያለፈ መሆኑን ጠይቁ።

ኪስ የማይሠራበትም አለ። ትልቅና ለስላሳ ወረቀት በአራት ማዕዘን ብቻ ሲያዝ መሃሉ ይረግባል፣ ከኪሱም ሾልኮ ይወጣል። ጠርዙ እንዲታይ የተፈለገ ሥራም ኪስ አይቀበልም። ያኔ ወደ ማንጠልጠያ እንመጣለን።

የማንጠልጠያው ወረቀት

ለዚህ ሥራ ከጃፓን ወረቀት የተሻለ አላየሁም፤ በተለይ ኮዞ ከሚባለው፣ ከመልበሪ (ሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ዛፍ) ዘመድ ከሆነው ተክል ልጥ የሚሠራውን። የኮዞ ቃጫ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ እጅግ ስስ ሆኖ እያለ ይጠነክራል፣ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቶሎ አይሰበርም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ካሰፈራቸው የጃፓን የእጅ ወረቀቶች አንዱ ሴኪሹ ባንሺ ነው። ከኮዞ የሚሠራ መካከለኛ ውፍረት ያለው ወረቀት ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የምመክረው እሱን ነው። ቴንጉጆ የሚባለው ደግሞ ከጀርባው ያለ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ስስ ነው፤ ለስስ ህትመት ይሆናል፣ ወፍራም የውሃ ቀለም ወረቀት ግን አይሸከምም። ገበያ ላይ «የሩዝ ወረቀት» እየተባለ የሚሸጠውን ሁሉ አትመኑ። አንዳንዱ ከእንጨት ዱቄት የተሠራና በጊዜ የሚቢጫ ነው፤ ከምን እንደተሠራ የማይነግራችሁን ሻጭ እለፉት።

ውፍረቱን ስትመርጡ ከሥዕሉ ወረቀት ጋር አስተያዩት። ሁለቱን በጣቶቻችሁ መካከል አንድ ላይ ያዙ፤ ማንጠልጠያው ምንጊዜም ሳስ፣ ለስለስ ማለት አለበት። የቃጫውንም አቅጣጫ እዩ። ከጥግ ትንሽ በሁለቱም አቅጣጫ ቅደዱ፤ በአንዱ በኩል ቀጥ ብሎ በቀላሉ ይሄዳል፣ በሌላው እየተጣመመ ያስቸግራል። ቀጥ ብሎ የተቀደደበት የቃጫው አቅጣጫ ነው። ማንጠልጠያው ሲሰቀል ያ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከሙት በርዝመታቸው የተወጠሩት ቃጫዎች ናቸውና።

አሁን መቀስ አስቀምጡ። ማንጠልጠያ አይቆረጥም፣ ይቀደዳል። ማስመሪያ በወረቀቱ ላይ አስተኙ፤ ቀጭን ብሩሽ ውሃ ነክራችሁ በማስመሪያው ጠርዝ መስመር አስምሩ። ውሃው ሲገባ መስመሩ ይጠቁራል። ጥቂት ጠብቃችሁ ማስመሪያውን በአንድ እጅ እንደያዛችሁ ወረቀቱን በሌላው ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሳቡት፤ አይቀደድም ማለት ይቻላል፣ ይፍታታል። ጠርዙ ላይ ጸጉር የመሰሉ ረጃጅም ቃጫዎች ተበታትነው ይቀራሉ። የምንፈልገው እነሱን ነው። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ቁልቁል ደረጃ ነው፤ በስስ ወረቀት ጀርባ ሲጣበቅ በፊት በኩል መስመር ሆኖ ይታያል፣ የሚስበውም ኃይል ሁሉ በዚያች መስመር ላይ ይጠራቀማል። ጸጉራማው ጠርዝ ግን ውፍረቱ ቀስ እያለ ወደ ምንም ይሄዳል፤ ክብደቱም በቃጫዎቹ ላይ ይበተናል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለመካከለኛ ሥዕል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። በሥዕሉ ላይ የሚያርፈው ክፍል ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለከባድ ወረቀት ጥቂት መጨመር ይቻላል። ሁለት ማንጠልጠያ፣ ከማዕዘኖቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው። ሰፊ ሥራ ሲሆን መሃል ላይ ሦስተኛ ይጨመራል። ላይኛውን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ረጅም ቁራጭ መያዝ ያስተማምናል ብለው የሚያደርጉ አሉ፤ አታድርጉት። ያ ጠርዙን በአግድም ያስረዋል፣ ከሥሩ ማዕበል የመሰለ ሽብሽባት ይወጣል።

ሙጫው

የማምነው ሙጫ የስንዴ ስታርች ነው። ዱቄት አላልኩም። ዱቄት ከስታርቹ ጋር ፕሮቲኑ አለበት፤ ፕሮቲኑ በጊዜ ይቢጫል፣ ይደድራል፣ ነፍሳትም ይስባል። ስታርች ያ ወጥቶለት የተጣራው ነው። የሩዝ ስታርችም ጥሩ ነው፤ ለስለስ ያለ ሙጫ ይሰጣል። ለልብስ መተኮሻ የሚሸጠው ሽቶና ሌላ ነገር የተጨመረበት ስታርች ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። 1 እጅ ስታርች በ4 ወይም በ5 እጅ ዲስቲልድ ውሃ በጥብጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ከዚያ በዝግተኛ እሳት፣ ቢቻል ውሃ በያዘ ድስት ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ፣ ሳታቋርጡ አማስሉት። መጀመሪያ ወተት ይመስላል፤ ድንገት ይወፍራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሷል ብሎ ያወርደዋል። ገና ነው። ማማሰሉን ቀጥሉ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭነቱ እየሳሳ ያንጸባርቃል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ግራጫ መልክ ይይዛል። ያኔ በስሏል። ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ አሳልፉት። ቋጠሮ የቀረበት ሙጫ በስስ ወረቀት ጀርባ ላይ እብጠት ሆኖ ይታያል።

ለመጠቀም ስትፈልጉ ከረጋው ትንሽ ወስዳችሁ ውሃ በጠብታ እየጨመራችሁ በብሩሽ አሹት። ብሩሹን ስታነሡት ሳይንጠባጠብ ከተከተላችሁ፣ ሲቀባም ያለ ግፊት ከተዘረጋ ልኩ ነው። ከዚህ ከቀጠነ ውሃው ይበዛና ሥዕሉን ያሸበሽባል፤ ከወፈረ ደርቆ ሸክላ ይሆናል። የቀረውን ንጹሕ ክዳን ባለው ብርጭቆ አስቀምጡት፤ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ከሸተተ፣ ከሻገተ ወይም ውሃውን ለይቶ ካወጣ ድፉት፤ መከላከያ ኬሚካል አትጨምሩበት። ትኩስ ሙጫ ማብሰል ከሁሉም ይረክሳል።

ሜቲል ሴሉሎስ የሚባል ሌላ አማራጭ አለ። በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፣ አይበላሽም፣ ነፍሳት አይፈልጉትም፣ በቀላሉ ይለቃል። ችግሩ መያዣው ደካማ መሆኑ ነው። ብቻውን ሥዕል ለማንጠልጠል አልጠቀምበትም፤ ለመቀባት እንዲለሰልስና ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ከስታርቹ ጋር ትንሽ መቀላቀል ግን ይቻላል። ነጩ ኮላ ከደረቀ በኋላ በውሃ ተመልሶ አይሟሟም፤ ስለዚህ ሥዕል አጠገብ አላደርሰውም። በጣሳ የሚረጨው ሙጫም፣ በሙቀት የሚለጠፈውም እንዲሁ።

ስለ ፕላስተር

ደንበኛ ያመጣው ሥዕል ጀርባ ላይ ግልጽ ፕላስተር ሳይ አዝናለሁ። ተለጣፊው የሴሎፌን ፕላስተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ ያደረሰው ጉዳት ተቆጥሮ አያልቅም። ሙጫው በእርጅናው መልኩን ይቀያይራል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነሣ ይመስላል። ቀጥሎ ይለሰልስና ይቀባል፤ ዘይት ሆኖ ወደ ወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቦታውን ብርሃን አሳላፊ ያደርገዋል። በመጨረሻ ይደርቅና ቡናማ ይሆናል፤ ፕላስተሩ በራሱ ይወድቃል፣ እድፉ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ከደረሰ በውሃ የሚሆን ነገር የለም፤ የወረቀት ጥገና ባለሙያ በኬሚካል ቢታገለው እንኳ ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተርም መንገዱ ያው ነው።

ከባዱ ነገር «ለሙዚየም»፣ «አሲድ የሌለው» ተብለው የሚሸጡት ተለጣፊ ፕላስተሮች ናቸው። አሲድ የሌላቸው መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በግፊት የሚጣበቅ ሙጫ አሲድ ባይኖረውም ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፣ ከጠርዙ ይወጣል፣ ለማንሣትም ከውሃ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ቸኩያለሁ ለሚል ሰው ልፈቅድለት የምችለው በውሃ የሚረጥበውን፣ ሙጫ የተቀባ የጃፓን ወረቀት ነው። በጥቅልል የሚሸጠው የበፍታ ጨርቅ ፕላስተር ደግሞ የራሱ ጥሩ ቦታ አለው፤ መስኮት ካርቶኑንና የጀርባ ካርቶኑን በአንድ ጎን አያይዞ እንደ መጽሐፍ እንዲከፈቱ ለማድረግ። ካርቶን ከካርቶን። ሥዕሉን አይንካ።

ሦስቱ አሰቃቀሎች

ጠርዙ በመስኮት ካርቶን ለሚሸፈን ሥዕል የምጠቀመው የመስቀል ቅርጽ ያለውን ነው። አንዱ ቁራጭ ቁመቱ ወደ ላይ ሆኖ ታችኛው ጫፉ ከሥዕሉ ጀርባ ይጣበቃል፤ የቀረው ከሥዕሉ በላይ ብቅ ብሎ ካርቶኑ ላይ ይተኛል። በዚያ ብቅ ባለው ክፍል ላይ ሌላ ቁራጭ በአግድም ይለጠፍና ከካርቶኑ ጋር ያስረዋል። አግድሙ የሥዕሉን ጠርዝ እንዳይነካ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሥዕሉን ገልጦ ጀርባውን ለማየት ያ ክፍተት ያስፈልጋል። ጠንካራ፣ ቀላል፣ ለመፍታትም የሚመች ነው። ሌላ የሚያስገድድ ነገር ከሌለ ይህን ያዙ።

ጠርዙ እንዲታይ ከተፈለገ ማንጠልጠያው ከሥዕሉ ጀርባ መደበቅ አለበት። ለቀላል ሥራ አንድ ቁራጭ ለሁለት ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ወደ ላይ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ። አንዱ ክንፍ ከሥዕሉ፣ ሌላው ከካርቶኑ ጋር ይጣበቃል።

ለከባድ ወረቀት ግን እጥፉ አያስተማምንም፤ ካርቶኑን ሰንጥቆ ማሳለፍ ይሻላል። ሥዕሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ማንጠልጠያዎቹ በሚያርፉበት ትይዩ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ትንሽ ወደ ታች፣ በጀርባ ካርቶኑ ላይ ከማንጠልጠያው ስፋት ጥቂት የሚበልጥ አግድም ስንጥቅ በስለታም ቢላ አውጡ። ከሥዕሉ ጀርባ የተጣበቀው ቁራጭ በስንጥቁ ውስጥ ያልፋል፤ በካርቶኑ ጀርባ ወደ ላይ ተዘርግቶ ይለጠፋል፣ በላዩም አግድም ቁራጭ ይታከላል። የስንጥቁን ጠርዝ በአጥንት መፋቂያ አለስልሱት፤ ሹል ሆኖ ከቀረ ማንጠልጠያውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ትልቅ ሥራ የታችኛው ማዕዘኑ ወደ ፊት እየተጠቀለለ ካስቸገረ ከታችም በዚሁ መንገድ በጣም ስስ ቁራጭ ማሳለፍ ይቻላል፤ ግን ላላ ብሎ፣ እንቅስቃሴውን ሳይከለክል።

ሲጣበቅ

ሥዕሉን በንጹሕ መምጠጫ ወረቀት ላይ በፊቱ አስተኙት። ሙጫ የሚቀባው ማንጠልጠያው እንጂ ሥዕሉ አይደለም። ማንጠልጠያውን ጥራጊ መምጠጫ ላይ አድርጋችሁ የሚጣበቀውን ክፍል ብቻ፣ ከመሃል ወደ ጸጉራማው ጠርዝ፣ በስሱ ቅቡ። አሁን ጠብቁ። እርጥቡ ሙጫ ያብረቀርቃል፤ ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በጎን እዩት። ብርሃኑ ከጠርዙ ጀምሮ እየደበዘዘ ወደ መሃል ይመጣል። ሙሉ በሙሉ ሲደበዝዝ፣ ግን ስትነኩት ገና ሲይዝ፣ ያቺ ደቂቃ ናት። ትርፉ ውሃ ሄዷል፣ ሙጫው ቀርቷል። ቀድማችሁ ከለጠፋችሁ ውሃው ወደ ሥዕሉ ይገባል፤ ከዘገያችሁ አይዝም። ይህቺን ደቂቃ ለማወቅ ዋጋ በሌለው ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

በወረንጦ አንሥታችሁ አኑሩት። በላዩ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ፣ በሱ ላይ መምጠጫ ወረቀት፣ በዚያ ላይ ወፍራም መስታወትና ክብደት። ጨርቁ መምጠጫው ከሙጫው ጋር እንዳይጣበቅ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መምጠጫውን በደረቅ ቀይሩ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት በክብደቱ ሥር ተዉት፤ እኔ ግን አሳድረዋለሁ። ክብደቱ ቶሎ ከተነሣ ወረቀቱ ያለ ሥርዓት ይደርቅና ከማንጠልጠያው ፊት ለፊት ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል።

ከሰልና ፓስቴል በፊታቸው አይተኙም። እነሱን ፊታቸው ወደ ላይ እንዳለ፣ ማንጠልጠያውን ሙጫው ወደ ላይ አድርጋችሁ ከሥር ወደ ህዳጉ አስገቡና ህዳጉ ላይ ብቻ ክብደት አኑሩ። ለእነዚህ ፍሬሙ ላይ መስታወት እንጂ አክሪሊክ (መስታወት መሰሉን ፕላስቲክ) አታድርጉ፤ አክሪሊክ በማሻሸት ኤሌክትሪክ ይይዝና ዱቄቱን ከወረቀቱ ይስበዋል።

ካርቶኑና መስታወቱ

ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ ርካሽ ካርቶን ላይ ብትሰቅሉት ድካሙ ከንቱ ነው። ከእንጨት ዱቄት የተሠራ ካርቶን ሊግኒን (የእንጨቱን ቃጫዎች አያይዞ የሚይዘው ነገር) አለበት፤ ሊግኒኑ ሲያረጅ አሲድ ይሰጣል፣ በሥዕሉም ላይ የመስኮቱን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ቃጠሎ ያትማል። ከሥሩም ከፊቱም ከጥጥ ወይም ሊግኒኑ ከወጣለት ንጹሕ ሴሉሎስ የተሠራ ካርቶን ይሁን። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮበት ነው የሚመጣው፤ በኋላ የሚፈጠረውን አሲድ ያረግበዋል። ለሰማያዊዎቹ የሳያኖታይፕ ህትመቶች (በብርሃን ለሚታተሙ የድሮ ፎቶግራፎች) ግን ያልተጨመረበትን ግዙ፤ ካርቦኔቱ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ሰማያዊውን ቀለም ያደበዝዘዋል። መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ የመስኮት ካርቶኑ ውፍረት ይለየዋል፤ መስኮት ከሌለ በፍሬሙ ጠርዝ ውስጥ መለያያ ዘንግ ይገባል።

ሲፈታ

አንድ ቀን የሆነ ሰው ይህን ፍሬም ይከፍታል። ማንጠልጠያ ሲነሣ ሥዕሉን ይዞ መሳብ የለም፤ መጀመሪያ ከካርቶኑ ጋር ያለውን ክፍል በስለታም ቢላ ቁረጡና ሥዕሉን ለብቻው በፊቱ አስተኙት። ጥጥ በጥቂቱ አርጥባችሁ በማንጠልጠያው ጀርባ ላይ አንከባልሉ፤ ውሃው እንዲንጠባጠብ ሳይሆን እንዲያላብሰው ብቻ። ስታርቹ እስኪያብጥ ጠብቁ። ከዚያ ጫፉን በወረንጦ ይዛችሁ ወደ ራሱ ላይ ታጥፎ፣ ከወረቀቱ ጋር ተኝቶ እንዲመለስ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሳብ የሥዕሉን ቃጫ ይነቅላል። እምቢ ካለ እንደገና አላብሱት። የቀረውን ሙጫ በረጠበ ጥጥ ጠርጋችሁ በመምጠጫና በክብደት ሥር አድርቁ። ወረቀቱ የሚሰባበር ከሆነ፣ ወይም አሮጌ ፕላስተር ሥዕሉ ራሱ ላይ ካለ፣ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ስጡት እንጂ አትንኩት።

ይህን ሁሉ ለሚቀጥለው ሰው ለማቅለል በጀርባ ካርቶኑ ጥግ ላይ፣ ሥዕሉ በማይደርስበት ቦታ፣ በለስላሳ እርሳስ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማንጠልጠያው ከየትኛው ወረቀት እንደሆነ፣ ሙጫው ምን እንደሆነ፣ የተሠራበት ቀን። ጽሑፉን ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት ጨርሱ፤ የእርሳስ ግፊት ከካርቶኑ ወደ ወረቀቱ እንዳያልፍ።